የእናቱ ወንበር

ሊሻን ሀብተሚካኤል፣ ሚክያስ የሚባል ልጅ እንደምትወድ፣ እሷ እስከምታውቀው ድረስ፣ ከሁለቱ በቀር የሚያውቅ ሰው አልነበረም። እንዲህ እንዲሆን የፈለገችውም እሷ ናት። ለሚክያስ ቢተውለት ኖሮ ከሆሳዕና መናኸሪያ ጀምሮ ላገኘው ሁሉ ይናገር ነበር።

የተዋወቁት በመስቀል ማግስት፣ ከሆሳዕና ወደ አዲስ አበባ በሚመጣ ሚኒባስ ውስጥ ነው። እሷ አባቷ ቤት በዓሉን አክብራ፣ እሱ ፎንቆ እናቱ ዘንድ ሰንብቶ ሲመለሱ ጎን ለጎን ተቀመጡ። ወራቤን ሳያልፉ አሳቃት። ቡታጅራ ላይ እግሯ ማበጡን አይቶ የራሱን ጉልበት አጣጥፎ ቦታውን ለቀቀላትና ቀሪውን መንገድ ሁሉ እንደዚያው ተጓዘ። አንድ አየር መንገድ ውስጥ እንደሚሠሩ ያወቁት ዓለም ገና ሲደርሱ ነው።

«የት ክፍል ነሽ?» አላት።

«ሆስተስ ነኝ። አንተስ?»

«ሎደር ነኝ። እናንተ ከላይ ሰው ታስተናግዳላችሁ፣ እኛ ከታች ሻንጣ እንጭናለን» አለና ሳቀ።

ከዋቸሞ ዩኒቨርሲቲ በአካውንቲንግ መመረቁን የነገራት ከብዙ ጊዜ በኋላ ነው፤ ያኔም ለማስተባበያ ብሎ አልነበረም። ሚክያስ በሥራው ማፈር የሚባል ነገር አያውቅም። ያፈረችለት እሷ ናት። «ሎደር» ሲል ከፊታቸው የተቀመጡት ሰዎች የሰሙ መስሏት ቀና ብላ አየቻቸው።

ፍቅሩ ግን እፍረቷን አልጠበቀም። ገባ፣ ተደላድሎም ተቀመጠ። ሳሪስ ከሚገኘው ጠባብ ክፍሉ ደጃፍ ላይ ቁጭ ብለው የዝናብ ውኃ በቦዩ ሲወርድ እያዩ ሲያወሩ፣ ከየትኛውም አገር ሆቴል ይልቅ ያ ቦታ ያሳርፋት ነበር። ነገሩ ሥር እየሰደደ ሲሄድ አንድ ነገር ለመነችው።

«ሥራ ቦታ ላይ ባንተዋወቅ ይሻላል፣ ሚክዬ። ሰው ወሬ ይወዳል።»

ትንሽ አሰበና «እሺ» አለ። ሚክያስ እሺ ካለ እሺ ነው። ከዚያ በኋላ እሷ የአውሮፕላኑ በር ላይ ቆማ መንገደኛ ስትቀበል፣ እሱ ከታች ከሻንጣ ጋሪው አጠገብ አንዴ፣ አንዴ ብቻ፣ ዓይኑን ያነሳና መልሶ ይሰብረዋል። ያቺ አንዲት እይታ እስከ ሌጎስ፣ እስከ ሙምባይ ስንቅ ትሆናታለች። ደስታው ገና ከልቧ ሳይወርድ ግን፣ ከኋላዋ ያየ ሰው እንዳለ ለማረጋገጥ ዞር ማለቷ አይቀርም። ዞር ባለች ቁጥር ራሷን ትታዘባለች።

ከሁሉም በላይ የምትፈራው አዜብን ነው። አዜብ አብራት የሠለጠነች፣ አብራትም ቤት የተከራየች ሆስተስ ናት። ክፉ ሰው አይደለችም፤ አፏ ግን ልጓም የለውም።

አየር መንገዱ ለሠራተኞቹና ለወላጆቻቸው ርካሽ ቲኬት ይሰጣል። ቲኬቱ ግን ስታንድባይ ነው። የከፈለው መንገደኛ ሁሉ ገብቶ ወንበር ከተረፈ ትገባለህ፤ ካልተረፈ ዕቃህን ተሸክመህ ትመለሳለህ። የተረፈውም ወንበር በደረጃ ነው የሚታደለው። ሠራተኛው ራሱ ከሠራተኛ ወላጅ ይቀድማል፤ ሠራተኛና ሠራተኛም በሥራ መደብ ይበላለጣል። በዚህ ነገር መሥሪያ ቤቱ ውስጥ ያልተኳረፈ የለም። ቴክኒሺያኖቹ «እኛ ጠግነን ያቆምነው አውሮፕላን ላይ ለእኛ ቦታ የለም» ይላሉ። ሆስተሶቹ ፓይለት ሚስትና ልጁን አስከትሎ ሲቀድማቸው ያጉረመርማሉ። ሎደሮቹ ከሁሉ በታች ስለሆኑ ቢያጉረመርሙም ሰሚ የላቸውም።

አንድ ቀን ካፌ ተቀምጠው አዜብ፣ «ሰሞኑን ስታንድባዩን የሞሉት የሎደር እናቶች ናቸው። ጆንያቸውን ይዘው መጥተው የመሳፈሪያውን ጌት መርካቶ አደረጉት» አለች።

ጠረጴዛው ላይ የነበሩት ሁሉ ሳቁ። ሊሻንም ሳቀች። እንዲያውም ከሌሎቹ ትንሽ አስረዝማ ነበር የሳቀችው።

* * *

ከሀዲያና ከከምባታ ደቡብ አፍሪካ ሰው የሌለው ቤት ጥቂት ነው። የሚክያስ ታላቅ ወንድም ጴጥሮስም ከጆሃንስበርግ ወጣ ብሎ ትንሽ ሱቅ ነበረችው። ዘራፊዎች ገቡበትና በጥይት ሆዱን መቱት። ሐኪሞቹ ቁርጡን ባይናገሩም፣ ቤተሰብ ካለ ቢመጣ ጥሩ ነው አሉ።

እናታቸው ወይዘሮ ወርቅነሽ ከፎንቆ መጡ። ቪዛው በስንት ልመና ተገኘ። ሚክያስ በወላጅ መብቱ ቲኬት አወጣላቸው። ከዚያ የቀረው ወንበር መጠበቅ ብቻ ሆነ። የጆሃንስበርግ በረራ ግን በዚያ ሰሞን ሙሉ ነበር።

«ዛሬም አልገባችም» አላት ሚክያስ በስልክ። ድምፁ ደክሟል። «ጌቱ ላይ ቁጭ ብላ ዋለች። የጌቱ ሠራተኛ ነገ ይሞከራል ብሎ መለሳት።»

«ነገ ትገባ ይሆናል» አለች ሊሻን።

ይህን ስትል ሻንጣዋ አልጋው ላይ ተከፍቶ ነበር። አዜብና ሌላ አንዲት ጓደኛቸው የእረፍት ቀናቸውን ጆሃንስበርግ ሊያሳልፉ አስበው፣ እሷንም ነይ ካሏት ሰንብተዋል። ለሚክያስ እረፍቴን ቤት ተኝቼ ነው የማሳልፈው ብላዋለች። ከእናቱ ጋር አንድ ወረፋ ላይ እንደምትሰለፍ አልጠፋትም። አውሮፕላኑ ትልቅ ነው፣ ለሁላችንም ይበቃል አለች በልቧ። ይበቃል ያለችው ስላመነችበት አልነበረም፤ ሌላውን ማሰብ ስለከበዳት ነው።

በማግስቱ ጌቱ ላይ ወይዘሮ ወርቅነሽን ገና ከሩቅ አወቀቻቸው። ሚክያስ ፎቷቸውን ደጋግሞ አሳይቷታል። ቀጭን፣ ረጅም ሴት ናቸው። ጥቁር ሹራብ ላይ ነጠላቸውን ደርበው፣ ፓስፖርታቸውን በሁለት እጃቸው ደረታቸው ላይ ይዘው ከወንበሩ ጫፍ ላይ ተቀምጠዋል። ሊሻን ከአዜብ ጀርባ ተጠግታ ፊቷን በስልኳ ከለለች።

መንገደኛው ገብቶ አለቀ። የጌቱ ሠራተኛ የስታንድባዮቹን ስም መጥራት ጀመረ። አንድ ፓይለት ከነባለቤቱ ገባ። አዜብ ተጠራች፣ ሌላዋም ጓደኛቸው ተጠራች። ከዚያ ሠራተኛው ኮምፒውተሩን አየ። ቀና ሲል ዓይኑ ወደ ሊሻን ሄደ።

«አንድ ወንበር ነው የቀረው» አላት ድምፁን ዝቅ አድርጎ። «ተራው ያንቺ ነው። እኚህ እናት ግን ልጃቸው ሆስፒታል ነው፤ ተመላልሰው ተመላልሰው ደከሙ። የሎደር እናት ናቸው። ብትለቂላቸው አስገባቸው ነበር። ማስገደድ አልችልም፤ ፈቃድሽ ነው።»

ሊሻን ወይዘሮ ወርቅነሽን አየቻቸው። እሳቸውም አዩዋት። ፊታቸው ላይ አንድ ነገር በራ፤ ለሚያውቁት ሰው የሚበራ ዓይነት። ከወንበራቸው ብድግ ሊሉ ከጀሉ።

«ሊሻን፣ ነይ እንጂ» አለች አዜብ ከመተላለፊያው በር ላይ። «ምን ሆነሽ ነው? ሴትዮዋን ታውቂያቸዋለሽ?»

አዎ ማለት አንዲት ቃል ነበረች። አዎ ብትል ግን አዜብ እንዴት ትላለች፤ እንዴት ስትል የሚክያስ ስም ይመጣል፤ የሚክያስ ስም ሲመጣ ያ የካፌ ጠረጴዛ ሙሉ ሳቅ በእሷ ላይ ይዞራል። ይህ ሁሉ በጭንቅላቷ ውስጥ እንደ መብረቅ አለፈ።

«አላውቃቸውም» አለች።

አንገቷን አዞረች፣ የመግቢያ ወረቀቷን ተቀበለች፣ ተጣድፋ ሄደች።

አውሮፕላኑ ከሕንጻው ርቆ ስለቆመ በአውቶቡስ ወሰዷቸው። ደረጃው ሥር ስትወርድ በአውሮፕላኑ ሆድ በኩል የመጨረሻዎቹን ሻንጣዎች የሚጭኑት ሰዎች ነበሩ። ከመካከላቸው አንዱ ሥራውን አቁሞ፣ አንገቱን አስግጎ፣ ከአውቶቡሱ የሚወርዱትን አንድ በአንድ ያያል። እናቱን የሚፈልግ ሰው እይታ ነበር። ከመጨረሻው መንገደኛ በኋላ አውቶቡሱ በሩን ዘጋ።

ያን ጊዜ ሚክያስ ሊሻንን አያት። ደረጃው መሃል ላይ ነበረች። ዓይኑን እንደ ወትሮው አልሰበረውም። አልተቆጣም፣ እጁንም አላነሳም፤ ዝም ብሎ አያት። ሊሻን የቀሩትን ደረጃዎች እንዴት እንደወጣቻቸው አታውቅም። ወንበሯ ላይ ተቀምጣ ቀበቶዋን ስታስር የሰው ቤት ሰብራ የገባች ያህል ተሰማት።

* * *

ጆሃንስበርግ የገቡ ዕለት አልተኛችም። በማግስቱ አዜብን ራሴን አሞኛል ብላ ሸኘቻትና ታክሲ ይዛ ሆስፒታሉ ሄደች። ስሙን ሚክያስ በወሬ መሃል ነግሯት ነበር። ምናልባት ድኖ ታገኘው ይሆናል፤ ምናልባትም እናትህ ነገ ይመጣሉ ትለው ይሆናል።

ጴጥሮስ ብቻውን ነበር። ጓደኞቹ ሱቃቸውን ዘግተው ማታ ነው የሚመጡት አለቻት ነርሷ። ሚክያስን ይመስላል፤ ግንባሩ፣ የቅንድቡ አጣጣል። ትኩሳቱ ከንፈሩን አድርቆታል። ሊሻን አልጋው አጠገብ ወንበር ስባ ተቀመጠች፤ በሚክያስ ቤተሰብ ውስጥ የተቀመጠችበት የመጀመሪያው ወንበር ይህ ነው።

ዓይኑን ገለጠ። አያት፣ ግን የሚያየው እሷን አልነበረም። እጁን ዘረጋ፣ እጇን ያዘና በሀዲይኛ ተናገረ። እናቱን መጥራቱ ብቻ ነው የገባት። የቀረው አልገባትም። ሆሳዕና ተወልዳ ሆሳዕና ያደገች ልጅ ናት፤ የምታውቀው ሀዲይኛ ግን የአባቷ ሱቅ ሀዲይኛ ነው። የሚስማር ዋጋ፣ የቆርቆሮ ቁጥር፣ ቀንስ አልቀንስም። ለሚሞት ሰው የሚነገር ቃል በሱቅ ውስጥ አልተማረችም።

ጴጥሮስ ደገመው፤ መልስ እንደሚጠብቅ ሰው። እኔ እናትህ አይደለሁም ማለት አቃታት። እጁን አጥብቃ ጨበጠች። እሱም ትንሽ ቆይቶ እንቅልፍ ወሰደው፤ ፊቱ ላይ የነበረው መጨማደድ ተፈታ።

ማታ የሆሳዕና ልጆች በሚሰባሰቡበት የቴሌግራም ገጽ ላይ ፎቶውን አየችው። ከፎቶው ሥር «ነፍሱን በገነት ያኑራት» ይላል። አዜብ ከገበያ የገዛችውን ጫማ እየለካች ነበር። «ምን ሆንሽ?» ስትላት ሊሻን መታጠቢያ ቤት ገብታ በሩን ዘጋችና የውኃውን ቧንቧ ከፍታ አለቀሰች። እዚያም ሆና የጴጥሮስን ቃል በአፏ ትደጋግመው ነበር። ያልገባት ቃል ነው፤ ድምፁ ከጠፋባት ግን ለዘላለም እንደሚጠፋ አውቃለች።

ወንበሩን ወሰድኩባቸው፣ ስንብታቸውንም ወሰድኩባቸው አለች በልቧ።

* * *

አስከሬኑ የመጣው ሊሻን ከተመለሰች በኋላ ነው። ሚክያስ ተራው ባይሆንም ገብቶ፣ ለማንም ሳያስነካ፣ ወንድሙን በገዛ ትከሻው ከአውሮፕላኑ ሆድ እንዳወረደው መሥሪያ ቤቱ ሁሉ አወራው። ስልክ ብትደውልለት አላነሳም። መልእክት ብትልክለት አነበበው እንጂ አልመለሰም።

ጥቁር ለብሳ ፎንቆ ወረደች። ከሆሳዕና በሚኒባስ፣ ከዋናው መንገድ ደግሞ በባጃጅ። ግቢው ውስጥ ድንኳን ተተክሏል። ቀብሩ ቀደም ባለው ቀን በካቶሊክ ቤተክርስቲያኑ ግቢ ተፈጽሟል። ጴጥሮስ በላከው ብር የተሠራችው ሰማያዊ በር ያላት ቤት ከእንሰቱ ፊት ቆማለች። ወይዘሮ ወርቅነሽ ውስጥ፣ መሬት ላይ በተነጠፈ ፍራሽ ተቀምጠው መቁጠሪያቸውን ይዘዋል። በሴቶች ተከበዋል።

ሊሻን ስትገባ አንዲት ጎረቤት፣ «ይቺ የማን ናት?» ብላ ጠየቀች።

በሩ አጠገብ የቆመው ሚክያስ ነው የመለሰው። «መሥሪያ ቤት የምናውቃት ናት።»

ሌላ ምንም አላለም። ሊሻን ራሷ ጽፋ የሰጠችውን ቃል መልሶ ያነበበላት ያህል ነበር። ሄዳ ፍራሹ ጫፍ ላይ ተንበረከከች።

«እማማ፣ ለብቻዎ የምነግርዎ ነገር አለኝ።»

ወይዘሮ ወርቅነሽ ለሴቶቹ በሀዲይኛ አንድ ሁለት ቃል ተናገሩ። ሴቶቹ ወጡ። ሚክያስ ለመውጣት እግሩን ሲያነሳ እናቱ «አንተ ቁም» አሉት።

«ያን ቀን ወንበሩን የወሰድኩት እኔ ነኝ» አለች ሊሻን።

«አውቃለሁ» አሉ። አማርኛቸው ከበድ፣ ዝግ ያለ ነው። «ፎቶሽን ልጄ አሳይቶኛል። ማንም እንዳያውቅ ብላኛለች፣ አንቺ ግን እናቴ ነሽ አለኝ። እዚያ ሳይሽ ደስ አለኝ። ሰው አለኝ አልኩ። ከዚያ አንገትሽን አዞርሽ። አላወቀችኝም አልኩ። ስትሄጂ ግን እግርሽን አየሁት። የማያውቅ ሰው እንደዚያ አይቸኩልም።»

ሊሻን ግንባሯ ፍራሹን እስኪነካ አቀረቀረች። መሬት ተሰንጥቃ ብትውጣት በወደደች።

«አፍሬ ነው» አለች። «በእርስዎ አይደለም፤ በእሱም አይደለም። ሰው ምን ይለኛል ብዬ ነው። ግን ሌላም አለ፣ እማማ። ጴጥሮስን አይቼዋለሁ።»

መቁጠሪያው ቆመ።

«የት?»

«ሆስፒታል። በሞተበት ቀን፣ ከሰዓት በፊት። እጄን ይዞ እናቱን ጠራ። እኔን እርስዎ አድርጎኝ ነው። አይደለሁም ማለት አቃተኝ።»

«ምን አለ?» ወይዘሮ ወርቅነሽ ክንዷን ጨመቁት። «ልጄ ምን አለ?»

«በሀዲይኛ ነው፤ አልገባኝም። ድምፁን ግን ይዤዋለሁ። እንዳይጠፋብኝ ስለው ነው የሰነበትኩት።»

ተናገረችው። አንደበቷ ተኮላተፈ፤ መሃሉ ላይ ተሰበረባትና እንደገና ከመጀመሪያው ጀመረች። ስትጨርስ ሚክያስ ፊቱን ወደ ግድግዳው አዙሮ ነበር። ሳቅም ለቅሶም ያልሆነ ድምፅ ከወይዘሮ ወርቅነሽ ደረት ወጣ።

«እማ፣ በሩን ዝጊልኝ፣ ብርድ ገባ፣ ነው ያለው» አሉ። «ልጅ ሆኖ በር አጠገብ ነበር የሚተኛው። የድሮው ቤታችን በሩ አይገጥምም ነበር። ሁልጊዜ እንደዚህ ይለኝ ነበር። እኔም ተነስቼ በጆንያ እደፍነው ነበር።» ነጠላቸውን አፋቸው ላይ አደረጉ። «ከዚያስ? ከዚያ ምን ሆነ?»

«እጁን ጨበጥኩት። እንቅልፍ ወሰደው። ፊቱ ደህና ነበር፣ እማማ። አልጨነቀውም።»

«በሩ ተዘጋለት ማለት ነው» አሉ በለሆሳስ። «እናቴ አጠገቤ አለች ብሎ ተኛ።»

እጃቸውን ራሷ ላይ ጫኑ። እጃቸው የእርሻ ሰው እጅ ነው፤ ከባድ። ሊሻን ይህ ደግነት ከስድብ ይልቅ ከበዳት።

«ስሚኝ ልጄ» አሉ ቀጥለው። «ይህን ስላመጣሽልኝ እግዚአብሔር ይስጥሽ። የወንበሩን ግን ዛሬ ይቅር ብዬሻለሁ አልልሽም። ልጄን ሳላየው ቀበርኩት። ሁለቱን አንድ ላይ አታድርጊው። ያ ለብቻ ነው፣ ይህ ለብቻ ነው።»

«እሺ፣ እማማ።»

* * *

ሚክያስን ከቤቱ ጀርባ፣ እንሰቱ ሥር አገኘችው። ሁለቱም ቆሙ። ድሮ ቢሆን እጇ ሳታዘው ወደ እጁ ይሄድ ነበር።

«የእናቴን ጆንያ ጭኜው ነበር» አለ ሳያያት። «ለጴጥሮስ ቅቤና ቆጮ ይዛለታለች። ዛሬስ ትገባለች ብዬ ቀድሜ ጫንኩት። አውርድ ተባልኩ። አወረድኩና በቦታው የመጨረሻውን ሻንጣ አስገባሁ። ስሙን አነበብኩት። ሊሻን የምትባል ሌላ ትኖራለች አልኩ። እናቴ ትመጣ ይሆናል ብዬ አሁንም ከአውቶቡሱ የሚወርዱትን አየሁ፤ በሩ ተዘግቶ ቀና ስል ደረጃው ላይ ነበርሽ።»

«ለምን አልጠራኸኝም? አንድ ጊዜ ብትጠራኝ እወርድ ነበር።»

«ሥራ ቦታ አንተዋወቅም ብለሽኛል።»

እንባዋ ወረደ።

«ወንበሩ ተራሽ ነው» አለ። «በሕጉ ያንቺ ነው። በእሱ አልቀየምም። ነገር ግን በማግስቱ እናቴ እዚያው ጌት ላይ ተቀምጣ ሳለች ነው ስልክ የተደወለልኝ። በሥራ ልብሴ ሮጬ ሄድኩ። ከሩቅ ስታየኝ፣ ወንበር ተገኘ ሊለኝ ነው ብላ ሳቀችልኝ። ያን ፊቷን ከዓይኔ ማጥፋት አልቻልኩም። አንቺን ሳስብ እሱ ይመጣል።»

«ትጠላኛለህ?»

«ብጠላሽ ይቀለኝ ነበር» አለና ወደ ድንኳኑ ተመለሰ።

ሊሻን ወደ ሆሳዕና አልሄደችም። ወዴት እንደምትሄድም አላወቀችም። ከጓሮው ሴቶች ትሪና ሳህን ያጥባሉ፤ ሄዳ እጅጌዋን ሰብስባ አጠገባቸው ቁጭ አለች። ማንም አልጋበዛትም፣ ማንም አልከለከላትም።

ከቀትር በኋላ የሆሳዕና ነጋዴዎች ለለቅሶ መጡ። የቤቱ ቆርቆሮ የተገዛው ከሊሻን አባት ከአቶ ሀብተሚካኤል ሱቅ ስለነበር እሳቸውም አብረው መጥተዋል። እጃቸውን ሊታጠቡ ወደ ጓሮው ሲዞሩ ልጃቸውን አዩዋት። ሊሻን እስከ ክርኗ አመድና ሳሙና ሆና ቀና አለች። ሚክያስ በጀሪካን ውኃ ይዞ ከጎናቸው ቆሞ ነበር።

«ሊሻን?» አሉ አባቷ። «አዲስ አበባ አይደለሽም እንዴ? እዚህ ቤት ምን አገባሽ?»

ሴቶቹ እጃቸውን ከውኃው ሳያወጡ ቀና አሉ። ያ የጌቱ ላይ ጥያቄ እንደገና የመጣ መሰላት። ያኔ የፈራችው አዜብን ብቻ ነበር፤ አሁን አባቷ፣ የገበያው ነጋዴ፣ የሰፈሩ ሴት ሁሉ አለ። ፊቷ ነደደ።

«ገና አላገባኝም፣ አባዬ» አለች። «እሱ ከፈቀደ ግን ላገባው የምፈልገው ሰው ቤት ነው። የጴጥሮስ ወንድም ነው። አብረን ነው የምንሠራው፤ ሎደር ነው። እስከ ዛሬ የደበቅኳችሁ እኔ ነኝ።»

አቶ ሀብተሚካኤል ልጃቸውን አዩ፣ ቀጥለው ሚክያስን አዩ። ፊታቸው ተለዋወጠ። የለቅሶ ቤት መሆኑ ያዛቸውና እጃቸውን ለሚክያስ ዘረጉ። «እግዚአብሔር ያጽናችሁ» አሉ። ልጃቸውን ዳግም ሳያዩ ወደ ድንኳኑ ተመለሱ። ማታ ቤት ምን እንደሚጠብቃት አካሄዳቸው ነገራት።

ሚክያስ ጀሪካኑን አስቀመጠ።

«ዛሬ ይህን መናገር አልነበረብሽም» አለ። «ለቅሶ ነው።»

«አውቃለሁ። ሌላ ቀን ብዬ ብተወው እንደገና እፈራ ነበር።»

አልሳቀላትም፣ እጇንም አልያዘም። ፊቷን ግን አየ፤ ከደረጃው ሥር ካያት ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ ዓይኑ ዓይኗ ላይ ሳይቸኩል ቆየ።

«መልስ የለኝም፣ ሊሻን» አለ። «መቼ እንደሚኖረኝም አላውቅም።»

«አልቸኩልም» አለች።

ሄደ። ሴቶቹ ዕቃ ማጠባቸውን ቀጠሉ፤ በሀዲይኛ ይንሾካሾካሉ፣ ያዩዋታል፣ መልሰው ይንሾካሾካሉ። ስለ እሷ እንደሚያወሩ ለማወቅ ቋንቋ መቻል አያስፈልግም። እፍረቱ አልለቀቃትም፤ ጆሮዋ ድረስ ይፋጃል። ነጠላዋን ወደ ፊቷ ልትስብ እጇን አነሳችና መልሳ ተወችው። ይዩኝ አለች በልቧ።

ከቤቱ ውስጥ የደከመ፣ ግን ከፍ ያለ ድምፅ ተሰማ። ወይዘሮ ወርቅነሽ ናቸው። የጎረቤቶቹን ስም አልጠሩም፣ የልጃቸውንም ስም አልጠሩም።

«ሊሻን» አሉ። «ውኃ አምጪልኝ።»

ድንኳኑ ሁሉ ሰማ።

«አቤት» አለች ሊሻን። ድምፁ ከራሷ ጉሮሮ የወጣ እስከማይመስላት ድረስ ከፍ አድርጋ አቤት አለችና ተነሳች።